ከምርቃት በኋላ የተጠየቀ ጥያቄ

ኦቦ ነጋሳ የዚያን ቀን ጉባኤውን በምርቃት የዘጉት ተሳስተው ነው ወይስ አውቀው? ይህን ጥያቄ ከቱሉ ዋዴሳ ይዤው መጣሁ፤ እስከ ዛሬም መልስ አላገኘሁለትም። እርሳቸውም ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አፈር ለበሱ። እንግዲህ ያየሁትን በሄድኩበት ቅደም ተከተል ልጻፈውና አንባቢ የራሱን ፍርድ ይስጥ።

ከነቀምት መነሣት

የጉዞው ምክንያት ይህ ነበር። ከአኖ ወደ ቢላ በሚወስደው የበቅሎ መንገድ ላይ ቱሉ ዋዴሳ የምትባል መንደር አለች። የመንደሩ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው በደቦ ወጥተው እንጨት ቆረጡ፣ ጭቃ ረገጡ፣ ቆርቆሮውን ከአኖ በሰው ትከሻ አመጡና ለትምህርት ቤት የሚሆን ቤት ሠሩ። መሬቱን የሰጠችው አደ ገዲሴ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «አደ» በእነሱ ቋንቋ እኛ ወይዘሮ እንደምንለው ነው፤ «ኦቦ» ደግሞ እንደ አቶ። ቤቱ ሲያልቅ ለአውራጃው አስተዳደር «ቤቱ አለ፤ አስተማሪ ስጡን» ብለው አመለከቱ።

በዚያው ሰሞን የአካባቢው ምክትል ገዥ ቤቱን አይተው ወደዱት። ችሎት የሚያስችሉት ጣሪያው በሚያፈስ የሣር ቤት ነበርና፣ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት ለፍርድ ቤትና ለእስረኞች ማደሪያ ቢሆን ይሻላል ሲሉ እርሳቸውም በበኩላቸው አመለከቱ። የአውራጃው ገዥ ሁለቱንም ከሰሙ በኋላ፣ የትምህርት ተቆጣጣሪው ሄዶ ሕዝቡን ሰብስቦ ይጠይቅ፤ ሕዝቡ ለፍርድ ቤት ይሁን ካለ ለፍርድ ቤት፣ ካላለ ለትምህርት ቤት ብለው አዘዙ። በዚያ ዘመን ሕዝብ ይጠየቅ መባሉ ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ተቆጣጣሪው አቶ ዘለቀ ከሸዋ በቅርቡ ተዛውረው የመጡ የቄስ ልጅ ናቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ግን አንዲት ቃል አያውቁም። እኔ በነቀምት የታችኛውን ክፍል አስተምር ነበር። አባቴ ከጎጃም ለንግድ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ስለሆነ፣ በቤት አማርኛ፣ በደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ፊደል የቆጠርኩት ግን እኩዮቼ ሁለተኛ ሦስተኛ ልጃቸውን በሚያዝሉበት ዕድሜ ነው። የቱሉ ዋዴሳ ቤት ትምህርት ቤት ከሆነ አስተማሪ ሆኜ የምላከው እኔ ነበርኩ፤ በአስተርጓሚነትም እንድሄድ የታዘዝኩት «ቦታውንም በዚያው ትየው» ተብሎ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሽቶ ስለቆመ ቡና በጫነ የጭነት መኪና ተሳፈርን። አቶ ዘለቀ ከበሩ በኩል፣ እኔ ከሹፌሩና ከእሳቸው መካከል ጋቢና ተቀመጥን። መጽሐፌን ብገልጥ ሹፌሩ በዓይኑ ጠርዝ አየኝና፣ ይህ መንገድ እንኳን አንባቢውን ፊደሉንም ከወረቀቱ ላይ ያራግፈዋል አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ከተማውን እንደወጣን ዘጋሁት።

ሲሬና አኖ

ጥቅምት ስለነበር ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኗል። ዝናቡ ግን ገና አልለቀቀም፤ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ ይጥላል። ጭቃው ያልደረቀበት ቦታ ላይ ረዳቱ እየወረደ ድንጋይ ያቀብል ነበር። ሲሬ ስንደርስ ቆመን ቁርስ በላን፤ ትኩስ የበቆሎ ቂጣ በማር፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም። ማሩ ጠቆር ያለ የጫካ ማር ነው፤ አቶ ዘለቀ ደግመው አስመጡ።

አኖ የደረስነው እኩለ ቀን ላይ ነው። የመኪናው መንገድ ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን የነጋዴዎቹ ሱቅ ጨው፣ ላምባና አቡጀዲ ይሸጣል፣ በሌላው ወገን በቅሎዎች ታስረው ይጠብቃሉ። የምክትል ገዥው ሰዎች ቀድመው ደርሰው ነበር። ጌቶች አቶ ዘለቀን ለመቀበል እዚህ ድረስ መጥተዋል፣ በግ ተጥሏል፣ ዛሬ አድረው ነገ አብረው ይወጣሉ አሉ። አቶ ዘለቀ አመንትተው ወደ እኔ ዞሩ። ግብዣ እምቢ ማለት ነውር እንደሆነ፣ እኔ ግን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ቀድሜ ብሄድ ቤቱን በደንብ አይቼ እንደምጠብቃቸው ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ በግብዣ ላይ የምናገረው አይኖረኝም።

ከመንደሩ ልትቀበለን የመጣችው አደ ገዲሴ ራሷ ነበረች። ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ አፏን የማትሸፍን ሴት ናት። «አካም ጅርቱ፣ በርሲስቱ» አለችኝ፤ እንዴት ነሽ መምህርት እንደማለት ነው፤ ግን በአክብሮት፣ በብዙ ቁጥር። በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለችና አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ የጠራችኝ በዚሁ ስም ብቻ ነው።

በበቅሎ ወደ ቱሉ ዋዴሳ

መንገዱ ቁልቁል ወርዶ አንዲት ወንዝ ይሻገርና እንደገና ዳገት ይሆናል። ወንዙ እስከ በቅሎዋ ሆድ ይደርስ ነበር። እኔ በቅሎ የለመድኩ አይደለሁም። አደ ገዲሴ ከኋላዬ በእግሯ እየመጣች አየችኝና፣ «በርሲስቱ፣ በቅሎ ትነዳለች እንጂ ትለመናለች እንዴ?» አለችኝ። ከእሷ ጋር የመጡት ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ዳገቱ ላይ ስናርፍ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ። ስንት ዓመትሽ ነው አላለችም፤ ስትጀምሪ ስንት ዓመትሽ ነበር አለች። ነገርኳት። ልጆቹ አልሳቁብሽም ወይ አለች። ሳቁ፣ ከዚያ ሰለቻቸው አልኳት። ይህ መልስ በጣም ደስ አሰኛት፤ መንደሩ እስክንገባ «ሰለቻቸው» እያለች ለራሷ ትደግመው ነበር።

ቤቱን ያየሁት ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ነው። ግድግዳው ገና ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ጥቁር ሰሌዳውን ከሳንቃ ሠርተው በከሰል ዱቄትና በቅጠል ጭማቂ ቀብተውታል። መቀመጫዎቹ በእንጨት ባላ ላይ የተጋደሙ ግንዶች ናቸው፣ ሁሉም ለልጅ ቁመት። አንዱ ብቻ፣ ከኋላ ከግድግዳው ጋር የተጠጋው፣ ከፍ ያለ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ።

«የእኔ ነው» አለች አደ ገዲሴ። «ከፊት ብቀመጥ ልጆቹን እከልላለሁ።»

እራት አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር አቀረበችልኝ፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ በቅቤና በቅመም የታሸ። ከቤቷ ደጅ እስከ አዲሱ ቤት ያለው ርቀት ሰው ቢጣራ የሚሰማበትን ያህል ነው። እስር ቤት ከሆነ የእስረኛ ሰንሰለት እየሰማች እንደምትኖር፣ ከዚያ የሚከፋት ግን ሌላ መሆኑን ነገረችኝ። መሬቱ ከአባቷ የደረሳት ነው፤ ለትምህርት ቤት ብላ የሰጠችውን ለሰንሰለት ብትሰጥ አባቷ ምን ይላታል። ይህን ያለችው ሳታለቅስ፣ እሳቱን እየቆሰቆሰች ነው።

ጉባኤው

በማግሥቱ ጠዋት ሕዝቡ ከመንደሩ በላይ ባለችው ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። የጉባኤው አባት ኦቦ ነጋሳ ናቸው፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ። ተነሥተው በአጭሩ መረቁ፣ ሕዝቡ «ሃታኡ» አለ፣ ይሁን ማለት ነው፣ ነገሩም ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በመጽሐፍ አላነበብኩትም። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። የሚቀጥለው ተናጋሪ የራሱን ከመናገሩ በፊት የቀደመውን ሰው ሐሳብ ይደግምና በትክክል መስማቱን ያስመሰክራል፤ ከዚያ የራሱን ይጨምራል። ፍርድ ቤት ቢሆን ገበያ ይመጣልናል ያለ ነበር፤ እርሱንም እስከ መጨረሻው ሰሙት። አደ ገዲሴም ከሴቶቹ ወገን ተነሥታ ተናገረች። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የቀረ ተቃዋሚ አልነበረም፤ ገበያ ይመጣልናል ያለውም ሰው ሐሳቡን ለውጧል። መልሱ አንድ ሆነ፤ ቤቱ ትምህርት ቤት ይሁን። ተቆጣጣሪው ሲመጡና ሲጠይቁ ኦቦ ነጋሳ ይህን ቃል በሕዝቡ ስም እንዲናገሩ ተስማሙ።

አቶ ዘለቀና ምክትል ገዥው የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ምክትል ገዥው ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትለዋል፤ ሰዎቹ ከሕዝቡ ጀርባ ቆሙ። ጌቶች ስለ ፍርድ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ። በቅርቡ በሌላ ቀበሌ በአድማ የታሰሩ ሰዎችን በመካከል አነሡ፤ ለምን እንዳነሡ ማንም አልጠየቀም። ተረጎምኩ። በስተምዕራብ ደመናው እየጠቆረ ነበር።

ተራው የአቶ ዘለቀ ሆነ። ጥያቄውን ከማቅረባቸው በፊት ወደ ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው፣ ከልባቸው በሆነ ትሕትና እንዲህ አሉ፤

«ነገር ያለ ምርቃት አይጀመርም። አባታችን ይመርቁልንና ወደ ጥያቄው እንገባለን።»

እንዳለ ተረጎምኩት። ጠዋት መመረቁን አቶ ዘለቀ አላዩም። በዚያ አገር አንድ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ይመረቃል፤ ሲከፈት በአጭሩ፣ ሲዘጋ በእርጥብ ሣር። የሁለተኛው ምርቃት ካበቃ በኋላ፣ አዲስ ጉባኤ ሳይቀመጥ፣ በጉዳዩ ላይ ቃል የሚጨምር ሰው ምርቃቱን ይበላል፤ ለራሱም ለመንደሩም መርገም ይጠራል። ይህን እኔ የማውቀው በወሬ ነው፤ ሲፈጸም አይቼ አላውቅም ነበር።

ኦቦ ነጋሳ ትክ ብለው አዩኝ። «መርቀናል» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ሰማዩን አዩ። ከሕዝቡ ጀርባ የቆሙትን ባለ ጠብመንጃዎች አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከዋንዛው ሥር እፍኝ እርጥብ ሣር ነጩና ቀጥ ብለው ቆሙ። ከብቱ ይርባ፣ ልጁ ይደግ፣ ዝናቡ በልክ ይዝነብ፣ እንግዳው በሰላም ይግባ እያሉ ረጅሙን ምርቃት መረቁ፤ ሕዝቡ በየመሐሉ «ሃታኡ» ይል ነበር። ሲጨርሱ ሣሩን በተኑት። ሕዝቡም ብድግ አለ።

አቶ ዘለቀ ሕዝቡ የተነሣው ለክብር መስሏቸው ደስ አላቸው። ጥያቄውን ጮክ ብለው አቀረቡ፤ ቤቱ ለፍርድ ቤት ይሰጥ ሲባል የሚቃወም አለ? ተረጎምኩት። አንድም ሰው አልተናገረም። አደ ገዲሴ አፏን ስትከፍት አጠገቧ የነበረች አሮጊት መዳፏን አፏ ላይ ጫነችባት። ደግመው ጠየቁ፤ ደግሜ ተረጎምኩ። የሚሰማው የዋንዛው ቅጠል ብቻ ነበር።

«እንግዲህ ዝምታ እሺታ ነው» አሉ ምክትል ገዥው።

ወደ አቶ ዘለቀ ተጠግቼ ጉባኤው ተዘግቷል አልኳቸው።

«ዝናቡን ፈርተው ነው?»

«አይደለም። ተመርቋል እኮ።»

«ያስመረቅሁት እኔው አይደለሁም እንዴ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። ቀጥዬ ላስረዳ ስል ምክትል ገዥው አጠገባችን ደረሱ። አቶ ዘለቀ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ የተነገረውን ይተርጉሙ፤ ያልተነገረ ነገር አይተረጎምም» አሉኝ። ዝናቡም ወረደ።

መልስ ጉዞ

በማግሥቱ ከመነሣቴ በፊት ኦቦ ነጋሳን ለመሰናበት ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዱ ነበር። ጠዋት መመረቁን ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ሳያቆሙ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ደመናው ጠቁሮ ነበር። አንቺም አይተሻል» አሉኝ። የትኛውን ደመና እንደሆነ አልጠየቅሁም። እምቢ ቢሉ ኖሮ እምቢ ያለው ሰው ስሙ ይያዝ ነበር፤ እሺ ቢሉ ደግሞ ቤቱ በገዛ ቃላቸው ይሄዳል። እርሳቸው ሁለቱንም አላሉም። ግን እንግዳ ሰው «ይመርቁልን» ሲል እምቢ ማለትም ነውር ነው፤ ምናልባት ከነውር የሸሹ ብቻ ይሆናል።

አደ ገዲሴ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። አልቀለደችም። በቅሎዬ ስትሻገር ከወዲያ ማዶ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

ከአኖ ወደ ነቀምት ስንመለስ በጭነት መኪናው ውስጥ ለአቶ ዘለቀ ሁሉንም አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ፣ ያየሁት ሕዝብ ዝም ማለቱን ነው፣ የምጽፈውም ያንን ነው አሉ። ጨምረውም፣ «እርስዎ ለዚያ ቦታ የታጩ ነዎት። ይህን ከአፍዎ ቢሰሙት ለራሷ ነው አይሉም?» አሉኝ። የተናገሩት ለእኔ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። የከበደኝም ይኸው ነው፤ ትክክል ነበሩ። ሹፌሩ መጽሐፌ የት እንደደረሰ ጠየቀኝ። መልሼ አልገለጥኩትም።

ነቀምት ገብቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የኅዳር ብርድ ሳይገባ ቤቱ ለምክትል ገዥው እንዲሰጥ መወሰኑን ሰማሁ። ሕዝብ መጠየቅ መልካም ነገር ነው ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም አምናለሁ። ከቱሉ ዋዴሳ የተማርኩት ግን ጠያቂው ተጠያቂው እንዴት እንደሚመልስ ካላወቀ ጥያቄው ገና እንዳልተጠየቀ ነው።

በአውራጃው ደጅ

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ከማስተምርበት ክፍል ተጠራሁ። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደጅ ሰዎች ቆመዋል፣ አስተርጓሚ ይፈለጋል ተባልኩ። ስደርስ የቱሉ ዋዴሳ ሰዎች ናቸው። ወንዶችም ሴቶችም በአገራቸው የሰላምና የአቤቱታ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳይጮኹ፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሣሩ በመንገድ እንዳይጠወልግ በየወንዙ እየነከሩ አምጥተውታል። ኦቦ ነጋሳ አልነበሩም፤ ታመው ቀርተዋል። ከፊት የቆመችው አደ ገዲሴ ነች። አየችኝ፤ ሰላም አላለችም፤ እጇ ሣር ይዟል።

የአውራጃው ገዥ ደረጃው ላይ ወጡ። አቶ ዘለቀ ከጎናቸው ነበሩ። ገዥው ሕዝቡ ተጠይቆ አልነበረም ወይ አሉ። አቶ ዘለቀ ተጠይቋል፣ የተቃወመም አልነበረም አሉ። ገዥው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ያን ጊዜ ዝም ብላችሁ ዛሬ ምን አመጣችሁ?»

ተረጎምኩ። አደ ገዲሴ መለሰች። «ተመርቆ ነበር ይላሉ» አልኩ።

ገዥው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «ቢመረቅስ? ሰው ሲመረቅ ዲዳ ይሆናል?»

ከኋላ የቆሙት ጸሐፊዎች ሳቁ። እኔ ያንን ተረጎምኩ፣ እሷም ያንኑ መለሰች፣ እኔም ያንኑ ደገምኩ፤ ተመርቆ ነበር። ቃሉ ትክክል ነበር፤ ምንም አላጎደልኩም፣ ምንም አልጨመርኩም። ገዥው ግን ሰዓታቸውን አዩና ወደ ውስጥ ለመግባት ፊታቸውን አዞሩ። አደ ገዲሴ እኔን ታያለች። በዚያ ሰዓት በመንደሯ፣ አሁን ዘብ በቆመበት ቤት ውስጥ፣ ከኋላ ከግድግዳው የተጠጋው ከፍ ያለ ግንድ ታየኝ።

«ጌታዬ» አልኩ። «ይህ የእኔ ቃል ነው፤ ትርጉም አይደለም።»

ቆሙ። ለዚያ ትምህርት ቤት አስተማሪነት የታጨሁ እኔ እንደሆንኩ በቅድሚያ ተናገርኩ፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት። ከዚያ ጠዋት የተመረቀውን፣ ጉባኤው የደረሰበትን አንድ ቃል፣ ሁለተኛውን ምርቃት፣ የተበተነውን ሣር፣ አፏ ላይ መዳፍ የተጫነባትን ሴት ነገርኳቸው። ጠብመንጃዎቹን አላነሣሁም፤ ኦቦ ነጋሳ ሰማዩን ማየታቸውንም አልተናገርኩም። እርሱ ጥያቄ ነው፣ ምስክርነት አይደለም። 

ገዥው ወደ አቶ ዘለቀ ዞሩ። አቶ ዘለቀ መሬት መሬት ያያሉ፤ በመጨረሻ ቀና ብለው፣ ምርቃቱን እኔ ነኝ የጠየቅሁት፣ ይህ እውነት ነው አሉ።

«ታዲያ ሕዝቡ አልተጠየቀም ማለት ነዋ» አሉ ገዥው።

«አልተጠየቀም ጌታዬ» አሉ አቶ ዘለቀ።

«እንግዲያው ሄደው ይጠይቁ» አሏቸው፤ ወደ እኔም ዞረው፣ «እርስዎም አብረው ይሂዱ። ምርቃቱን ግን መጨረሻ ላይ አድርጉት።» ይህን ብለው ገቡ።

ይህ ሁሉ የተነገረው በአማርኛ ነበር። የቱሉ ዋዴሳ ሰዎች ሣራቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። አደ ገዲሴ ወደ እኔ አንድ እርምጃ ቀረበችና፣ በርሲስቱ፣ ይህን ያህል ጊዜ ስትናገሪ ምን ነበር ያልሽው አለችኝ። ሌላ የሚተረጉምልኝ ሰው ስላልነበረ፣ የራሴን ቃል ከመጀመሪያው ጀምሬ በኦሮምኛ ነገርኳት።